ኮሌስትሮል ለምን ይጨምራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የላቦራቶሪ ወረቀት ይዘው የሚወጡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ይህ ነው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ጠመዝማዛው እንሄዳለን።

ኮሌስትሮል በሽታ ነው እንዴ?

አይደለም። ሰም የመሰለ ቅባት ነው፤ ያለሱ መኖር አይቻልም። በእያንዳንዱ ሴል ግድግዳ ውስጥ አለ። ኢስትሮጅን፣ ቴስቶስትሮን፣ ኮርቲሶል የሚባሉት ሆርሞኖች የሚሠሩት ከእሱ ነው። ቅባት እንድንፈጭ የሚረዳው ሐሞትም እንዲሁ። ስለዚህ "ኮሌስትሮል አለብህ ተባልኩ" የሚለው አነጋገር ትንሽ ያስቃል። ሁላችንም አለብን፤ ጣጣው ሲበዛ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ። ደማችን ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው ሰውነታችን ራሱ ነው፤ ትልቁ ፋብሪካ ደግሞ ጉበት ነው። ሰሃን ላይ ያለው ኮሌስትሮልና ደም ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል አንድ አይደሉም። ከዚህ በታች ያለው ግራ መጋባት ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመጣው ሁለቱን ከማምታታት ነው።

"ጥሩ" እና "መጥፎ" የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

ቅባትና ውሃ አይዋሃዱም፤ ደም ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ ኮሌስትሮል በደም ውስጥ የሚጓዘው ፕሮቲን ባለበት እሽግ ተጠቅልሎ ነው። ኤልዲኤል የሚባለው እሽግ ኮሌስትሮልን ለሰውነት ያከፋፍላል። ሲበዛ ግን የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየሰረገ ይጠራቀማል፤ ሥሩን ያጠብባል። "መጥፎ" የተባለው ለዚህ ነው። ኤችዲኤል ትርፉን ሰብስቦ ወደ ጉበት ይመልሳል፤ "ጥሩ" ተባለ።

ትራይግሊሰራይድ ኮሌስትሮል አይደለም። ሰውነት ለጉልበት የሚያስቀምጠው ስብ ነው። አንድ ወረቀት ላይ አብሮ ስለሚወጣ ነው የሚምታታው።

ስንት ሲሆን ነው ከፍተኛ የሚባለው?

በተለመደው መለኪያ፣ ማለትም በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ጠቅላላው ከ200 በታች ቢሆን ይመረጣል። ከ200 እስከ 239 ድንበር ላይ ነው፤ 240 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው። ኤልዲኤል ከ100 በታች ጥሩ፣ 160 ሲደርስ ከፍተኛ፣ 190 ሲያልፍ በጣም ከፍተኛ ይባላል። ኤችዲኤል ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 ባይወርድ ጥሩ ነው። ትራይግሊሰራይድ ከ150 በታች። ልቡን አንዴ ታሞ ለሚያውቅ ሰው ግን ይህ አይበቃም፤ ኤልዲኤሉ ከ70 በታች እንዲወርድ ይፈለጋል። የስኳር ሕመም ያለበትም ከሌላው ሰው ጠበቅ ያለ ግብ ነው የሚሰጠው።

ከእንግሊዝ ወይም ከስዊድን ወረቀት የሚልክ ዘመድ ካላችሁ "5.8" የሚል ቁጥር ታያላችሁ። በሌላ መለኪያ ስለተጻፈ ነው። ኮሌስትሮል ከሆነ በ38.67 አባዙት፤ 224 ገደማ ይመጣል።

ምልክቱ ምንድን ነው? ራስ ምታት አለው?

የለውም። ማዞር፣ የእግር መደንዘዝ፣ ማላብ ሁሉ በኮሌስትሮል ይሳበባል፤ ኮሌስትሮል ግን ዝም ብሎ ነው የሚጠራቀመው። በአንዳንድ ሰው ዐይን ቆብ ላይ ቢጫ ቅባት የመሰለ ነገር ይወጣል። በዘር የመጣ ሲሆን ደግሞ ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ይወፍራል። አብዛኛው ሰው ግን ሳይመረመር አያውቀውም።

ዋናው መንስኤ እንቁላልና ሥጋ ነው አይደል?

በከፊል። አንድ የእንቁላል አስኳል ወደ 190 ሚሊግራም ኮሌስትሮል አለው፤ ጉበትና ዱለት ደግሞ ከተራ ሥጋ በብዙ ይበልጣሉ። ነገር ግን አብዛኛው ሰው ኮሌስትሮል ያለበት ምግብ ሲበላ ጉበቱ ራሱ የሚሠራውን ይቀንሳል። አሜሪካኖች "በቀን ከ300 ሚሊግራም አትለፉ" የሚለውን የቆየ ገደባቸውን በ2015 እ.ኤ.አ. የአመጋገብ መመሪያቸው ላይ የተዉትም ከምግብ የሚመጣው ኮሌስትሮል ድርሻ ቀድሞ እንደታሰበው ትልቅ ስላልሆነ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ሐኪሞች ሳቹሬትድ ፋት የሚሉት፣ በእኛ አነጋገር የሚረጋ ስብ ነው። ቅቤ፣ ጮማ፣ ፓልም ዘይት። የጉበት ሴሎች ኤልዲኤልን ከደም እየለቀሙ የሚያስገቡባቸው እጅ የሚመስሉ ነገሮች አሏቸው። እነዚህን ያገኙት ሚካኤል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የሚባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ናቸው፤ በ1985 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለሙበት። የሚረጋ ስብ ሲበዛ እጆቹ ይቀንሳሉ። ለቃሚ ሲጠፋ ኤልዲኤል ደም ውስጥ ይንሳፈፋል። ስለዚህ እንቁላል ፍርፍሩን ከመወንጀላችሁ በፊት በምን እንደተጠበሰ ተመልከቱ።

ቅቤስ? የእኛ እኮ ንጹሕ የአገር ቅቤ ነው።

ንጹሕ መሆኑን ማን ካደ? ግን ቅቤው ሲነጠር ውሃው ተንኖ፣ ዝቃጩ ተጣርቶ የሚቀረው ስብ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውስጥ 60 በመቶ ገደማው የሚረጋ ነው። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ በሶብላው ሽታውን ያሳምራሉ እንጂ ስቡን አይለውጡትም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 8 ወይም 9 ግራም የሚረጋ ስብ ይይዛል። ኤልዲኤሉን መቀነስ ላለበት ሰው የአሜሪካ የልብ ማኅበር የሚመክረው በቀን 13 ግራም ገደማ ነው። ሁለት ማንኪያ ቅቤ ብቻውን ይህን ያልፈዋል።

ክትፎ ስትበሉ ወሬ ይዟችሁ ሰሃኑ ሲቀዘቅዝ ዳር ዳሩን አይታችሁታል? ነጭ ሆኖ ይረጋል። ገንፎም ያው ነው። ገብሱ በራሱ ኤልዲኤልን በመጠኑ የሚቀንስ አሰር አለው፤ መሐሉ ላይ ጉድጓድ ቆፍረን ቅቤ የምንሞላው እኛ ነን።

የዘይቱ ጀሪካን ላይ "ኮሌስትሮል የለውም" ይላል። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?

ውሸት አይደለም፤ ግን ምንም አይነግራችሁም። ኮሌስትሮል ያለው ከእንስሳ በሚገኝ ነገር ውስጥ ነው። የዕፅዋት ዘይት ሁሉ፣ ርካሹም ውዱም፣ ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል። "ይህ ውሃ አጥንት የለውም" ብሎ እንደመጻፍ ነው። መጠየቅ ያለበት ዘይቱ ራሱ ከምን ዓይነት ስብ ነው የተሠራው የሚለው ነው። ፓልም ዘይት ግማሹ ገደማ የሚረጋ ስብ ነው። ያንን የሚበላ ሰው ጉበቱ እንዴት እንደሚሆን ከላይ አይተናል።

አዲስ አበባ ውስጥ በሐምሌ ጠዋት ኩሽና የገባ ሰው ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያውቀዋል። ጀሪካኑ ስር ነጭ ሆኖ ረግቷል፤ ዘይቱ አልወርድ ይላል፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከራል ወይም ምድጃ ዳር ይቀመጣል። የኑግ፣ የሱፍ፣ የሰሊጥ ዘይት በዚያ ብርድ አይረጋም። የሚረጋው ክፍላቸው አነስተኛ ስለሆነ ነው። የኮኮናት ዘይት ከፓልምም ይብሳል፤ "ተፈጥሯዊ ነው" እየተባለ በውድ መሸጡ ይገርመኛል።

ዋጋውን አልረሳሁትም። ብዙ ቤት ፓልም የገባው ሰው ወዶት ሳይሆን የሚቻለው እሱ ስለነበረ ነው። ለዘይት መቀየሪያ አቅም ከሌለ የሚቀረው መጠኑ ነው። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት ማቁላላት የእናቶቻችን ዘዴ ነው፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ወጡን አያበላሸውም። በፋብሪካ በሃይድሮጅን እንዲጠጥር የተደረገ ዘይት የሚያመጣው ትራንስ ፋት ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ኤልዲኤልን ሲጨምር ኤችዲኤልን ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ከምግብ ጨርሶ እንዲወጣ ጥሪ ያደረገው ለዚህ ነው።

ዓመቱን ሙሉ እጾማለሁ። እኔን እንዴት ያገኘኛል?

ይህ ጥያቄ ቅሬታም አለበት፤ ይገባኛል። ጾም በእርግጥ ይጠቅማል። ቅቤ፣ ሥጋና ወተት ለሳምንታት ሲቀሩ ኤልዲኤል ብዙውን ጊዜ ይወርዳል። ግን የጾም ምግብ ሁሉ አንድ አይደለም። ሽሮው በፓልም ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ቁርሱ ቦምቦሊኖ፣ መክሰሱ ሳምቡሳ፣ መጠጡ ለስላሳ ከሆነ ሥጋ ባይኖርም ስቡና ስኳሩ ሞልቷል። ስኳርና ነጭ ዱቄት ደግሞ ትራይግሊሰራይድን ይሰቅላሉ። በረመዳን ማታ ማታ ጥብስ ለሚያበዛ ሰውም ነገሩ ያው ነው።

ሌላው፣ የምርመራውን ቀን ተመልከቱ። በሁዳዴ 55 ቀን መጨረሻ ላይ የተሠራ ምርመራና ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በኋላ የተሠራ ምርመራ የአንድ ሰው ላይመስሉ ይችላሉ። ሐኪሙ ላይጠይቅ ይችላል፤ እናንተ ንገሩት።

ቀጭን ነኝ፤ ስፖርትም እሠራለሁ። ስህተት አይሆንም?

ላይሆን ይችላል። ውፍረት፣ በተለይ ቦርጭ፣ ይበልጥ የሚያበላሸው ትራይግሊሰራይድንና ኤችዲኤልን ነው። ኤልዲኤል ግን ቀጭን ወፍራም አይመርጥም። ዘር፣ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለች፣ ሆርሞን የምታመነጭ ዕጢ) መስነፍ፣ የሚረጋ ስብ ቀጭኑንም ያገኙታል። እንዲያውም ቀጭን ሰው "እኔን አይመለከተኝም" ብሎ ሳይመረመር ብዙ ዓመት ይቆያል።

በዘር ይመጣል?

አዎ፣ በጣም። ተራው ልዩነት ራሱ ብዙው የዘር ነው። ከዚያ አልፎ ግን ከአንድ ወላጅ በሚወረስ አንድ የተበላሸ ጂን ብቻ ኤልዲኤል ከልጅነት ጀምሮ የሚሰቀልበት ሁኔታ አለ። ከ250 ሰው አንዱ ገደማ አለበት ተብሎ ይገመታል። ጂኑ ያለበት ሰው ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። የእነዚህ ሰዎች ጉበት የሚለቅምባቸው እጆች ጎደሎ ናቸው። ጎመን ብቻ ቢበሉም ቁጥሩ የሚገባውን ያህል አይወርድም። የጥፋተኝነት ስሜት አያስፈልግም፤ መድኃኒት ነው የሚያስፈልገው።

ኤልዲኤላችሁ 190 ካለፈ የቤተሰብ ታሪክ ጠይቁ። እዚህ ላይ ችግር አለብን። እኛ ዘንድ የ45 ዓመት ሰው ደረቱን ይዞ ሲወድቅ "ድንገተኛ ነው" ይባላል። "ምች መታው"፣ "የሰው ዐይን ነው" የሚልም አይጠፋም። ለቅሶው ያልፋል፤ ምክንያቱ አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ "ቤተሰብ ውስጥ የልብ ሕመም አለ ወይ?" ስትባሉ ቶሎ "የለም" አትበሉ። ከ55 ዓመቱ በፊት በድንገት የሞተ አባት ወይም ወንድም፣ ከ65 ዓመቷ በፊት የሞተች እናት ወይም እህት አለች ወይ ብላችሁ አስቡ። ካለ፣ ልጆቻችሁም ይመርመሩ።

ሌላ በሽታ ወይም የምወስደው መድኃኒት ሊያስከትለው ይችላል?

ይችላል፤ ይህ ደግሞ በጣም ይረሳል። አክስቴ ቀጭን ናት፣ ጾመኛ ናት፣ ቅቤ ከተወች ቆይታለች። ጠቅላላ ኮሌስትሮሏ 271 ሆኖ መጣ። አንድ ክሊኒክ "ቅቤ ይቀንሱ" ብሎ ሸኛት። እሷም ወደ ቤት መጥታ "የሌለኝን ቅቤ ከየት አምጥቼ ልቀንስ?" አለችን። ድካም ነበረባት፣ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ትደርባለች፣ ድምጿም ጎርነን ብሏል። በኋላ ሌላ ሐኪም የታይሮይድ ምርመራ አዘዘላት፤ ታይሮይዷ ሰንፏል። የታይሮይድ ኪኒን ስትጀምር ኮሌስትሮሏ በራሱ ጊዜ ወረደ።

ታይሮይድ ሲቀንስ ጉበት ኤልዲኤልን መልቀም ያቅተዋል። ፕሮቲን በሽንት የሚያፈስ የኩላሊት ሕመም፣ የሐሞት መስመር መዘጋት፣ ያልተቆጣጠሩት ስኳርም እንዲሁ ቅባቱን ያዛባሉ። ከመድኃኒት ደግሞ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይዶች፣ አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶች፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች፣ ውሃ የሚያሸኑ አንዳንድ የግፊት ኪኒኖች ይጠቀሳሉ። በራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡ። ዝርዝሩን ለሐኪሙ አሳዩት፤ የሚቀየር ካለ እሱ ይቀይራል። እርጉዝ ሴት ላይ መጨመሩ የተፈጥሮ ነው፤ በዚያን ጊዜ የተሠራ ምርመራ አያስደንግጣችሁ።

ሲጋራ፣ መጠጥና ጭንቀትስ?

ሲጋራ ኤችዲኤልን ይቀንሳል፤ የደም ሥሩን ግድግዳም ስለሚጎዳ ኤልዲኤል እንዲሰርግ በር ይከፍታል። ቢራ፣ ጠጅ፣ አረቄ ሲበዙ ትራይግሊሰራይድን ይሰቅላሉ። ትራይግሊሰራይድ 500 ሲያልፍ ጣፊያ አጠገብ ያለውን ቆሽት ሊያቆጣ ይችላል፤ ሕመሙ ቀላል አይደለም። ጭንቀት በራሱ ከሚያደርገው ይልቅ የሚያስበላንና የሚያስጠጣን ይበልጣል።

የወር አበባዬ ከቆመ በኋላ ለምን ጨመረ?

ኢስትሮጅን ጉበት ኤልዲኤልን እንዲለቅም ያግዝ ነበር። ሲቀንስ እገዛው ይቀራል። አመጋገባችሁ ሳይለወጥ ቁጥሩ ቢጨምር አይግረማችሁ። ከ50 ዓመት በኋላ ያለፈውን የ35 ዓመት ውጤት ይዞ "ደህና ነኝ" ማለት አይሠራም።

ቡና ኮሌስትሮል ይጨምራል የሚባለው እውነት ነው?

ይህን መጻፍ አልወድም፤ ግን እውነትነት አለው። ጥፋተኛው ካፌይን አይደለም። ቡናው ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ዘይትነት ያለው ነገር አለ፤ እሱ ኤልዲኤልን ይጨምራል። በወረቀት ማጣሪያ የወረደ ቡና ላይ ወረቀቱ ያስቀረዋል። ፈልቶ፣ ሳይጣራ የሚጠጣ ቡና ውስጥ ግን እንዳለ ይገኛል። የእኛ የጀበና ቡና ይፈላል፤ የሚያጠልለው ዝቃጩ ስር እስኪቀመጥ መታገሣችን ብቻ ነው። የማኪያቶው ማሽን መሐል ላይ ነው።

ታዲያ ረከቦቱ ይነሣ? አይነሣ። ስኒያችን ትንሽ ናት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲወርድ ደግሞ ቡናው እየቀጠነ ይሄዳል። ነገሩ ልብ የሚባለው ጠዋትም ቀትርም ማታም ሦስቱንም ስኒ ለሚጨርስ፣ ኤልዲኤሉም አልወርድ ላለው ሰው ነው። ቢያንስ ጀበናው በደንብ ይቀመጥ፤ ከስኒው ስር የቀረውን ዝቃጭ አትጠጡት። ቡና ላይ ቅቤ ለሚጨምሩ ወገኖች ያለኝ መልስ ከላይ፣ ቅቤው ጋ አለ።

አገር ቤት እያለሁ ደህና ነበርኩ፤ ውጭ ከወጣሁ በኋላ ጨመረ። ለምን?

መጀመሪያ፣ አገር ቤት እያላችሁ ተመርምራችሁ ነበር ወይ? ብዙ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመረመረው ውጭ ነው፤ የቆየውን አሁን አየው ማለት ነው።

ነገር ግን ኑሮው ራሱም ይለውጣል። ከስኳር ሕመም አንድ ምሳሌ ልውሰድ። በ1984 እና 85 እ.ኤ.አ. በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ የስኳር ሕመም እነሱ ዘንድ ብርቅ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን በረከተ። ዘራቸው በዚያ ጊዜ ውስጥ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ኑሯቸው ነው። ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ ሰው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ምሳው መኪና ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ደግሞ በአገር ናፍቆት ክትፎ። ስንፍና ብዬ አልጠራውም። ሥራው ነው።

ባለፈው 240 ነበር፤ ምንም ሳላደርግ 195 ሆነ። የቱን ልመን?

አንዱንም ብቻውን አትመኑ። ቁጥሩ በጤናማ ሰው ላይም ከሳምንት ሳምንት ይዋዥቃል። ከባድ ኢንፌክሽን፣ ቀዶ ጥገና ወይም የልብ ድካም ሰሞን ኮሌስትሮል ዝቅ ይላል። ያኔ የተሠራ ምርመራ በሐሰት ያጽናናል። ካገገማችሁ በኋላ ከጥቂት ሳምንታት ቆይታችሁ ድገሙት። ሳይበሉ መሄድን በተመለከተ፣ ጠቅላላውና ኤችዲኤሉ በምግብ ብዙም አይናወጡም። ትራይግሊሰራይድ ግን ይናወጣል። እሱ ከፍ ብሎ ከነበረ ለ9 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ሳትበሉ ቆይታችሁ ሂዱ፤ ውሃ ይፈቀዳል።

መጥፎው 180 ነው፤ ግን ጥሩው 90 ነው። አይካካስም?

አይካካስም። ኤችዲኤልን የሚጨምሩ መድኃኒቶች ተሞክረው ነበር። ቁጥሩን ከፍ አደረጉት፤ የልብ ሕመሙን ግን እንደተጠበቀው አልቀነሱትም። 180 ያው 180 ነው።

ኤልዲኤሌ ደህና ነው፤ ቤተሰቤ ውስጥ ግን ልብ በለጋነት ይገድላል። ሌላ የሚታይ ነገር አለ?

አለ። ሊፖፕሮቲን ኤ ይባላል። ኤልዲኤል የሚመስል ሌላ እሽግ ነው፤ ተራው ምርመራ ለይቶ አያሳየውም። መጠኑ ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል በዘር ይወሰናል፤ ምግብም ስፖርትም ብዙ አይነካውም። አፍሪካዊ ዘር ባላቸው ሰዎች በአማካይ ከአውሮፓውያን ከፍ ይላል። ስለማይለዋወጥ በሕይወት አንዴ መመርመር ይበቃል። ሁሉም ላቦራቶሪ አይሠራውም፤ ውጭ የምትኖሩ ግን ሐኪማችሁን በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁት። ከፍ ካለም ሐኪሙ ኤልዲኤሉን፣ ግፊቱንና ሲጋራውን ከሌላው ሰው አጥብቆ ይይዛል፤ ወንድምና እህቶቻችሁንም አስመርምሩ ይላችኋል።